ሲምባሉን ማን ያዘው?

መንፈስ ምናምን ሲወራ ቀድሜ የምስቀው እኔ ነኝ፣ ወሬ የሚበዛበት ሰፈር ስላደግኩ ነው መሰለኝ የሰማሁትን ሁሉ መጠርጠር ልማዴ ነው፣ ይህን ስነግራችሁም ራሴን እየጠረጠርኩ ነው።

ቦንጋ ውስጥ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ኳየር ድራም እመታለሁ። ኤሌክትሮኒክ ድራም ስንገዛ ከበሮው ግሩም ነበር፣ ሲምባሉ ግን፣ ያ እንደ ሳህን ክብ የሆነው፣ እመኑኝ፣ የድስት ክዳን ሲወድቅ ነው የሚመስለው። ኪቦርድ ተጫዋቹ ታሪኩ ደግሞ "ምቱን ከኪቦርዱ አወጣዋለሁ፣ እሱ ይረፍ" እያለ መሪያችንን ይወተውታል። እሷም ከዋጫ ከተማ እንግዶች እስከሚመጡበት እሑድ ጊዜ ሰጠችኝ፣ ካልተስተካከለ ስድስት ዓመት የተቀመጥኩበትን ወንበር መልቀቄ ነው። ተናደድኩ፣ ፈራሁም።

ከእኔ በፊት ድራም ይመቱ የነበሩት ጋሽ አለሙ ዛሬ ማንኪራ መንደር ንብ እያነቡ ይኖራሉ፣ የድሮው የናስ ሲምባል እሳቸው ዘንድ ስለሆነ ድምፁን ልቅዳ ብዬ ሄድኩ።

"ቅዳ፣ ግን 'እንጸልይ' ሲባል በእጅህ ጨብጠህ ዝም አሰኘው። እኔ አንድም ቀን ጸሎት ላይ አስጩኼው አላውቅም" አሉኝ።

"እሺ ጋሼ" አልኩ። የእኛ ፓድ፣ በሲምባል ፈንታ የሚመታው ጎማ፣ ርካሽ ነው፣ ቢጨብጡትም ድምፁ አይቆምም፣ ይህን ግን አልነገርኳቸውም። በስልኬ ቀድቼ ላፕቶፕ ላይ አስተካከልኩት፣ ከፓዱ ጋር አገናኘሁት፣ ስመታው ደስታዬን አልቻልኩም።

ቅዳሜ ከሰዓት ልምምድ ላይ መሪያችን "እንጸልይ" ስትል ገና እየጮኸ የነበረው ሲምባል ቀጥ አለ። ቀስ ብሎ አልጠፋም፣ ሰው እንደጨበጠው ጭጭ ነው ያለው። ላፕቶፑ ታሪኩ አጠገብ ስለነበር ያው እሱን ጠረጠርኩ።

"ምን ነካክተህ ነው?"

"ኧረ እኔ ምን አደረግኩ!"

አልተዋጠልኝም፣ እጁን ኪሱ ከትቶ በር ላይ እንዲቆም አደረግኩና ደገምነው። መዝሙሩ መሃል ስመታው ድምፁ ረጅም ነው፣ "እንጸልይ" ሲባል ግን ጭጭ። የፓዱን ጠርዝ ብዳስሰው ሞቅ ብሏል፣ ሰው አሁን ገና እጁን ከላዩ ያነሳ ይመስል።

እሑድ እንግዶቹ ፊትም እንዲሁ ሆነ። ሲያልቅ መሪያችን እየሳቀች መጥታ "ሲምባሉን እንዴት አድርገህ ያዝከው! በቃ፣ ወንበሩ ያንተ ነው" አለችኝ። ያን ሰዓት እጆቼ ጉልበቴ ላይ ነበሩ፣ አልነገርኳትም።

ሰኞ ጋሽ አለሙ ዘንድ ደወልኩ፣ ስለ ሲምባሉ ገና አፌን ሳልከፍት፣ "ልጄ፣ ከቅዳሜ ጀምሮ ቀኝ እጄን እየነዘረኝ ነው" አሉኝ። ታሪኩ ነግሯቸው ይሆን ብዬ ጠየቅኩ፣ ታሪኩ የሚባል ሰው ጭራሽ አያውቁም።

"ንብ ነድፎዎት ይሆናል" አልኳቸው።

"የንቡንማ አውቀዋለሁ" አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ጸሎት ላይ ዓይኔን መጨፈን ትቻለሁ፣ ሁሉም አንገቱን ሲደፋ እኔ ፓዱን ነው የማየው።