አውሮፕላኑ ሲዞር የጮህኩት

ከምሠራበት ልብስ ስፌት ቤት እስከ ሰፈራችን ጫፍ ድረስ እንደኔ ልበ ሙሉ ሴት የለችም። ውሻ አልፈራም፣ ጨለማ አልፈራም፣ አክስቴን እንኳ አልፈራም። ትምህርቱን ስድስተኛ ክፍል ላይ ብተወውም ምላሴ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳለች። ዕድሜዬ አሥራ ዘጠኝ ነው፤ ለመፍራት ገና ነኝ።

ይህን ሁሉ አውሮፕላኑ ሳይነሳ ለልብስ ሰፊው ነግሬዋለሁ።

ልብስ ሰፊው የቤታችን ወርቅ እጅ ነው። የአክስቴን ልጅ ቬሎ የሰፋው እሱ ነው። የቬሎው ወገብ በሙሽራዋ ላይ ተለክቶ የሚያልቅ ስለሆነ፣ አክስቴ ሠርጉ ወዳለበት ከተማ ቲኬት ቆርጣ እሱንም እኔንም ይዛ ተነሳች። እኔ ደግሞ እዚያው ቤት ቁልፍ እተክላለሁ፤ ድሮ «ቁልፊት» ነበር የሚለኝ።

ድሮ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ቀን በሠራተኛው ሁሉ ፊት «ከሥራ በኋላ ሻይ እንጠጣ?» አለኝ። ልጆቹ ተጠቃቅሰው ሳቁ። እኔም አፌ ቀደመኝና «ቀኑን ሙሉ ክር ሲልስ ከሚውል ሰው ጋር ሻይ አልጠጣም!» አልኩት። ክሩን ልሶ በመርፌው ቀዳዳ አሳለፈና አንገቱን ደፍቶ መስፋቱን ቀጠለ። ከዚያ ወዲህ «እህቴ» ነው የሚለኝ። «እህቴ፣ መቀሱን አቀብይኝ።» «እህቴ፣ ደህና እደሪ።» እህት መባል እንዲህ እንደሚያቃጥል አላውቅም ነበር።

አውሮፕላኑ ውስጥ እሱ በመስኮቱ በኩል፣ አክስቴ በመተላለፊያው በኩል፣ እኔ መሀል ተቀመጥን።

«ጆሮህን ከደፈነህ ምራቅህን ዋጥ» አልኩት። «እኔ ለምጄዋለሁ።»

«ስንት ጊዜ በረርሽ?»

«ማን ይቆጥራል!»

አክስቴ ዞር ብላ አየችኝ። «ምነው ልጄ፣ ዘንድሮ አውቶቡስም መብረር ጀመረ እንዴ?»

እሱ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ትከሻው ግን ሲስቅ ታየኝ።

ልናርፍ ስንል የቤት ጣራ፣ የመኪና ጣራ፣ የተሰጣ ልብስ ሁሉ እየታየ ቀረበን። ጎማው ሲወርድ ከእግራችን ሥር «ጓ!» አለ። አክስቴ ጫማዋን ማጥለቅ ጀመረች። መሬቱን ሊነካ ምንም ሲቀረው ሞተሩ በአንድ ጊዜ አጓራ፤ አውሮፕላኑ አፍንጫውን ወደ ላይ ሰቅሎ ተወረወረ። ጀርባዬ ከወንበሩ ጋር ተጣበቀ። ከኋላ አንድ ሰውዬ «ፈጣሪዬ!» አለ። አንድ ሕፃን ተንከትክቶ ሳቀ።

አለቀ፣ ሞትን አልኩ።

ዓይኔን ጨፍኜ የእሱን እጅ ጨመደድኩና ጮህኩ። «እወድሃለሁ! ክር ትልሳለህ ያልኩህ ልጆቹ ሲስቁ አፍሬ ነው! የተከልኩትን ቁልፍ እየበጠስኩ እንደገና የምተክለው ፊት ለፊትህ ለመቆየት ነው!»

ሞተሩ እያጓራ ስለነበር ከእሱ በቀር የሚሰማኝ ያለ አልመሰለኝም። ግን ልክ የመጨረሻዋን ስናገር ድምፁ ድንገት ለዘብ አለ። ጸጥ ባለው አውሮፕላን ውስጥ የእኔ ጩኸት ብቻ ቀረ፦

«የአክስቴን ኮት ሦስት ሳምንት ያዘገየሁትም ለዚሁ ነው!»

«ኮቴን?» አለች አክስቴ።

ዓይኔን ገለጥኩ። ደመናው ነጭ፣ ሰማዩ ሰላም። ፊት ለፊት የተቀመጡት ሁሉ አንገታቸውን አዙረው ያዩኛል። አስተናጋጇ ፈገግ ብላ መጣች።

«አይዞሽ፣ ይሄ የተለመደ ነው። ቀድሞን ያረፈው አውሮፕላን መንገዱን አለቀቀልንም። በግድ ከማረፍ ተነስቶ፣ ዞሮ መምጣት ይሻላል። አብራሪዎቹ ይሄንን ሁልጊዜ ይለማመዱታል።»

የተለመደ! ሰው በተለመደ ነገር ምስጢሩን ይዘረግፋል? መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ፤ መሬት ግን ሩቅ ነበረች። ከአውሮፕላን ደግሞ ተነስተው አይወጡም። እየዞርን፣ እየዞርን፣ ፊቴ እንደ ተተኮሰ ልብስ እየጋለ ተቀመጥኩ። እሱ እጁን ከእጄ አልነጠቀም። እኔው ለቀቅኩት፤ የጥፍሬ ምልክት አንጓው ላይ ተደርድሮ ቀረ።

በመጨረሻ በሹክሹክታ «የምንሞት መስሎኝ ነው» አልኩት። «የተናገርኩትን እንዳልተናገርኩ ቁጠረው።»

ለረጅም ጊዜ አየኝ። ዓይኑ ውስጥ በርቶ የነበረ አንድ ነገር ሲጠፋ አየሁ።

«እሺ፣ እህቴ» አለ።

መጮሄ አሳፍሮኝ ነበር፤ ይሄኛው ግን ከዚያ ባሰብኝ። የመጀመሪያው የፍርሃት ነው፣ ሰው ይስቅና ይረሳዋል። ይሄኛው ውሸት ነበር፣ ያውም ከሻዩ ቀጥሎ ለሁለተኛ ጊዜ፣ ለዚያው ሰው።

አውሮፕላኑ ዞሮ መጣና ልክ ሕፃን እንደሚያስተኙ ቀስ ብሎ አረፈ። ከኋላ ያ ሰውዬ «ልጅት! ይኸው መሬት ነክተናል፤ አሁንስ ትወጂዋለሽ?» አለኝ። አውሮፕላኑ በሳቅ ተናወጠ። ልብስ ሰፊው ቬሎውን ከላይ አወረደና እንደ ሕፃን አቅፎ፣ ወደ እኔ ሳያይ ወጣ።

እሱ ጋ የደረስኩት ሻንጣ የሚዞርበት ቦታ ላይ ነው። አክስቴ አጠገቡ ቆማለች። ተሳፋሪውም ሁሉ አለ። ቦርሳዬን እንደ ጋሻ ከፊቴ ያዝኩ።

«ስማኝ» አልኩት። «አሁን እግሬ መሬት ላይ ነው። የምሞትም አይመስለኝም፤ በእፍረት ካልሆነ። እወድሃለሁ። ሻዩን እኔ ነኝ የምጋብዝህ። ይሄንን በሠራተኛው ሁሉ ፊትም እደግመዋለሁ።»

አንድ ሻንጣ በፊታችን አለፈ፣ ሌላ ሻንጣ አለፈ። ከዚያ እጅጌውን ሰብስቦ የጥፍሬን ምልክት አሳየኝ።

«ከሻዩ በፊት ለዚህ ፕላስተር ግዢልኝ» አለ። ቀጥሎም፣ ቀስ ብሎ፣ «ቁልፊት።»

ልቤ ከአውሮፕላኑ በላይ ተወረወረ። ምላሴም ወዲያው ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

«አየሽ አክስቴ?» አልኩ ደረቴን ነፍቼ። «አውሮፕላኑም እኮ መጀመሪያ እምቢ ብሎ፣ ዞሮ ነው አምሮበት ያረፈው። እኔም ልክ እንደሱ ነኝ!»

አክስቴ ሻንጣዋን ጎትታ እግሬ ሥር አስቀመጠችው።

«እሱስ አፉን ዘግቶ ነው የዞረው!»