ከምንይችል ቀድሞ

ምንይችል ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ይነሳል፤ ፊቱን ታጥቦ ቱታውን ያጠልቅና በብረቱ ደረጃ ሦስት ፎቅ ወደ ታች፣ ወደ መርከቢቱ ሆድ ይወርዳል። አንደኛውን ፎቅ ሲጨርስ የባሕሩ ነፋስ ይቀራል፤ ሁለተኛውን ሲጨርስ የሰው ድምፅ ይቀራል፤ ከሦስተኛው በኋላ የሞተሩ ጩኸት፣ የናፍጣው ሽታና በሐምሌ ቀይ ባሕር ላይ ብረት ውስጥ የሚታመቀው ያ ጉደኛ ሙቀት ብቻ ነው ያለው። ለምዶታል። ሐይቅ ዳር አድጎ የጀልባ ሞተር ሲጠግን የኖረ የባሕር ዳር ልጅ ስለሆነ፣ ሞተር ሲጮህ እንዲያውም ልቡ ይረጋጋል።

በዚህ ጉዞ ግን አልተረጋጋም። ቀድሞ ከሠራበት መርከብ ሲወርድ በሰጡት የምስክር ወረቀት ላይ "ሥራ ያውቃል፤ ካልታዘዘ ግን አይነሳም" የሚል ተጽፎበታል። አንዲት መስመር! በእሷ የተነሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ቤቱ ተቀምጦ የሚስቱን ዓይን ሲሸሽ ኖረ። አሁን ጅቡቲ ሲደርሱ ዋናው መሐንዲስ ቺፍ ኅሩይ ጥሩ ነገር ጽፈው ካልፈረሙለት የሚቀጥረው መርከብ የለም፤ የባሕር ሥራው አበቃ ማለት ነው።

ቺፍ ኅሩይ የሚፈልጉትን አልደበቁትም። ገና በመጀመሪያው ቀን፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ "እኔ ጋ 'ምን ልሥራ?' የሚል ሰው አይበረክትም" አሉት። "'ሠርቼዋለሁ' የሚለኝን ነው የምፈልገው። ፊትህንም አታጨፍግግብኝ፤ እዚህ ሃያ ሰው ነን፣ አንዱ ካኮረፈ ሁላችንም መድረሻ እናጣለን።"

"እሺ ቺፍ" አለ ምንይችል። ከልቡ ነበር።

በሦስተኛው ቀን የነዳጁን ማጣሪያ ሊያጥብ ሲወርድ ታጥቦ አገኘው። ውሃው ገና አልደረቀም፤ መወልወያው ስትራሾም አራት ቦታ ታጥፎ፣ እሱ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው፣ በቀኝ በኩል ተቀምጧል። ማን ይሆን ብሎ ዙሪያውን ሲቃኝ ቺፍ ኅሩይ ከኋላው መጡና ማጣሪያውን አንስተው ወደ መብራቱ ያዙት።

"ሳልነግርህ ሠራኸው?"

አንዲት ቅጽበት ነበረች፤ "እኔ አይደለሁም" ለማለት የምትበቃ። ምንይችል ያቺን ወረቀት አስታወሰ።

"አዎ ቺፍ፤ ቆሽሾ ሳየው ጊዜ..." አለ።

ትከሻውን መታ መታ አድርገውት ሄዱ። ውሸት መሆኑ ትንሽ ቆረቆረው፤ ግን ደግሞ ምስጋና ማን ይጠላል? ሁለት ዓመት ሙሉ "ጎበዝ" ያለው ሰው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ቀጠለ። ግሪስ ሊቀባ ሲሄድ ተቀብቶ ይጠብቀዋል። የሚያንጠባጥበውን ፓምፕ ሊያጠብቅ መፍቻ ይዞ ሲደርስ ዳዶው ጠብቋል፤ በእጁ ሲነካው ሌላ እጅ አሁን እንደለቀቀው ይሞቃል። የሠራው ሰው በቆመበት ሁሉ ደግሞ አንድ ሽታ ይቀራል፤ የናፍጣም የላብም አይደለም፣ ብዙ ዘመን ተዘግቶበት የኖረ የጨው ውሃና የዝገት ሽታ ነው። ቺፍ ኅሩይ በመጡ ቁጥር "ይሄንንም?" ይላሉ፤ ምንይችልም "አዎ ቺፍ" ይላል። ወጥ ቤቱ ጋሽ ላቀው ሳይቀሩ "ለዚህ ጀግና ጨምሩለት" እያሉ ሥጋ ይደርቡለት ጀመር። ሥጋው ግን አልዋጥ አለው።

ገረመው የሚባለው ሌላው ረዳት መካኒክ ይሆናል ብሎ ጠረጠረ። ምሳ ሰዓት ላይ ጠጋ አለና፣ "ስማ፣ ሥራዬን የምትሠራልኝ አንተ ነህ እንዴ?" አለው።

ገረመው ሳቀ። "እኔ? የራሴን ሠርቼ በጨረስኩ! ይልቅ አንተ ሰው ሲጠራህ አቤት አይባልም? ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከፓምፖቹ ኋላ ጎንበስ ብለህ ስትሠራ ሦስቴ ጠራሁህ፤ ዞር እንኳ አላልክም። ኩራት ጀመርክ?"

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ምንይችል ከጋሽ ላቀው ጋር ቁርስ እየበላ ነበር። ማንኪያውን አስቀመጠ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ እውነቱን ሊናገር ቺፍ ኅሩይ ክፍል ገባ። "ቺፍ፣ ስለ ሥራው አንድ ነገር ልነግርዎት ነበር" ብሎ ሳይጨርስ እሳቸው ከመሳቢያ ወረቀት አወጡ። የእሱ ወረቀት ነው። ተሞልቷል፤ "ሳይታዘዝ ይሠራል" የሚለውን ከሩቅ አነበበው። የቀረው ፊርማው ብቻ ነው።

"ጅቡቲ ስንደርስ እፈርማለሁ። ምን ልትነግረኝ ነበር?"

ምንይችል ዓይኑን ከወረቀቱ ነቀለ። "ምንም፤ ደስ ብሎኝ እየሠራሁ መሆኑን ነው" አለና ወጣ። ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን ተደግፎ ራሱን ሰደበ፤ ፈሪ፣ አለው።

ከዚያ ወዲያ አንድ መላ ብቻ ቀረው፤ ቀድሞ መድረስ። አንዴ፣ አንዲት ሥራ እንኳ ሳይቀደም በገዛ እጁ ቢሠራ ነገሩ የሚቆም መሰለው። አሥራ ሁለት ሰዓት መነሳቱን ትቶ አሥራ አንድ ተኩል አደረገው፤ ከዚያም አሥራ አንድ። ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ይወርዳል፤ ሁሉም ነገር ርጥብ፣ ሁሉም ነገር ሙቅ፣ ሁሉም ነገር አልቆ ይጠብቀዋል። አንድ ቀን ሦስት ሰዓት ላይ የሞተሩን መዝገብ ሲገልጥ የአራት ሰዓቱ ሙቀትና ግፊት በራሱ የእጅ ጽሑፍ ተሞልቶ አየ። ወይ ጉድ! መለኪያዎቹ ፊት ሰዓቱን እያየ ቆመ። አራት ሰዓት ሲሆን መርፌዎቹ በሙሉ የተጻፈው ቁጥር ላይ ቆሙ።

ጅቡቲ ሊገቡ አንድ ቀን ሲቀራቸው ቺፍ ኅሩይ የሥራ ሰሌዳው ላይ ጻፉ። ሦስተኛው ታንከር፣ ማለትም መርከቢቱ ባዶዋን ስትሄድ እንዳትንገዳገድ የባሕር ውሃ የምትሞላበት፣ ይፈተሽ፤ ዝገቱ ይፋቅ፤ ይከደን፤ አራት ሰዓት ላይ ውሃ ይለቀቅበት። ሥራው የምንይችል ነው። ታንከር የሚገባ ሰው ስሙ ያለበትን ካርድ የታንከሩ አፍ ላይ ይሰቅላል፤ ሌላ ሰው ደግሞ እዚያው ቆሞ ይጠብቀዋል። ይህን የማያውቅ መርከበኛ የለም፤ ምንይችልም አሳምሮ ያውቃል። ግን ገረመውን ቁርስ ላይ ሄዶ ለመጥራት አሥር ደቂቃ ይፈጃል፤ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ያ ነገር ይቀድመዋል። ክዳኑን ብቻውን ፈታ፣ ባትሪውን አበራ፣ ሰው በጭንቅ በምታሾልከው ክብ ቀዳዳ ገብቶ መሰላሉን ወረደ። ካርዱ ኪሱ ውስጥ ቀረ።

ታች ሲደርስ ግድግዳውን በእጁ ዳሰሰ። ደረቅ ነው። ዝገቱ እንዳለ ነው፤ ሲነካው ይረግፋል፤ ማንም አልፋቀውም፣ ማንም አልጠረገውም፣ ወለሉ ላይ የጫማ ዱካ የለም። "ቀደምኩት!" ብሎ ጮኸ፤ ድምፁ ከብረት ወደ ብረት እየተላተመ ተመለሰለት። ከደስታው ብዛት እንባው መጣ። እየፋቀ ወደ ታንከሩ ጥግ ገባ፤ ላቡ እየተንቆረቆረ፣ ከስንት ቀን በኋላ የራሱን ሥራ በራሱ እጅ እየሠራ፣ በአፉ እያንጎራጎረ።

ከላይ በቀዳዳዋ ይገባ የነበረው ብርሃን የጠፋው ያኔ ነው።

ክዳኑ በዝግታ ተቀመጠ። ከዚያ ዳዶዎቹ ይጠብቁ ጀመር፤ አንዱ በዚህ፣ ቀጥሎ ማዶ ያለው፣ እንደገና በዚህ፤ ክዳን እንዳይጣመም ጥንቁቅ መካኒክ እንደሚያደርገው፣ እሱ ራሱ እንደሚያደርገው። ምንይችል መሰላሉን በሩጫ ወጣና ክዳኑን በትከሻው ገፋ። ንቅንቅ አላለም። የውሃው ልክ በሚታይበት ቀጭን ቱቦ በኩል የቺፍ ኅሩይ ድምፅ ጥርት ብሎ መጣ።

"ከደንከው? ውሃውንም ለቀቅከው? ገና ሦስት ሰዓት ተኩል እኮ ነው! አንተን የመሰለ ሰው አላየሁም። በቃ ነገ ምን አስጠበቀኝ፣ ናማ እስክሪብቶ አቀብለኝ፣ አሁኑኑ ልፈርምልህ።"

"ቺፍ! እዚህ ነኝ! ውስጥ ነኝ!" ምንይችል ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ጮኸ፤ በመፋቂያው ብረቱን ደበደበ። ከታች፣ ከጨለማው ወለል፣ ውሃው እየተንፎለፎለ መግባት ጀመረ፤ ያ የዝገትና የጨው ሽታም አብሮት ወጣ።

"ቆይ" አሉ ቺፍ ኅሩይ ከላይ። "ይሄ የሚንኳኳው ምንድነው?"

ከዚያ የምንይችል የራሱ ድምፅ፣ በትሕትና፣ ፈገግ እንዳለ ሰው፣ መለሰላቸው፦

"ቱቦው ውስጥ የቀረ አየር ነው ቺፍ፤ ትንሽ ቆይቶ በራሱ ይተዋል።"