ድልድዩ ከተዘጋ በኋላ

«ዛሬ ካሸነፍኩሽ ፍራሻችን ላይ ለብቻዬ ነው የምተኛው» አለች ባልኪሳ፣ የመማሪያ ክፍሉ በር ላይ የሀዋን ሻሽ እያስተካከለች።

«አንቺ ሽንኩርት በላ፣ ለራስሽ እዘኚ» አለች ሀዋ።

«ዓሣ በላ ደግሞ አፍ አላት እንዴ?» የወንዙ ማዶና ማዶ ሰዎች በእነዚህ ስሞች ይቀላለዳሉ።

ባልኪሳ የሀዋ የአክስት ልጅ ናት። ከወንዙ ማዶ፣ ከኒጀሯ ጋያ፣ ክረምቱን ልታሳልፍ ድንበሩ ላይ ወዳለችው የሀዋ ከተማ ማላንቪል እንደመጣች አገሯ ውስጥ ወታደሮች ሥልጣን ያዙ። የምዕራብ አፍሪካ አገሮች ማኅበር ኢኮዋስ ማዕቀብ ጣለ፤ ሁለቱን ከተሞች የሚያገናኘው ድልድይ ተዘጋ፤ እሷም እዚያው ቀርታ ከሀዋ ጋር ትምህርት ጀመረች።

የክፍሉ ክርክር ስለዚሁ ነበር፦ ማኅበሩ በጉልበት የሚገዛ አባል አገርን መቅጣት አለበት ወይስ የለበትም? ዕጣ ሲወጣ ለሀዋ «አለበት»፣ ለባልኪሳ «የለበትም» ደረሳቸው፤ ሁለቱ ወገኖችም ክፍሉን ለሁለት ከፍለው ፊት ለፊት ተቀመጡ።

ባልኪሳ ጀመረች። «እናቴ ሽንኩርት ነጋዴ ናት። ሽንኩርቷ ድልድዩ አፋፍ መኪና ላይ እንደተጫነ በሰበሰ። ሥልጣን የነጠቀችው እሷ ናት?»

ክፍሉ ሳቀ።

ሀዋ ተነሳች። «ወታደሮቹ ዛሬ ዝም ከተባሉ ነገ የሚናገር ሰው አይተዉም» አለች።

«ማንን ነክተው ያውቃሉ?» አለ ከኋላ አንድ ልጅ። «ምሳሌ ስጪን።»

ምሳሌማ ነበራት። የባልኪሳ ታላቅ ወንድም ሱሌይ ወታደሮቹን በሬዲዮ ተችቶ ታስሯል። ባልኪሳ ይህን የነገረቻት ወንዝ ዳር ልብስ ሲያጥቡ ነው፤ እያለቀሰች፣ ለማንም እንዳትናገር አስምላ። አሁን ብታነሳው ማንም ሊረታት አይችልም። ቀና ብላ አየቻት። ባልኪሳ ጣቶቿን አቆላልፋ ጠረጴዛው ላይ አፍጥጣለች።

«የለኝም» አለችና ሀዋ ተቀመጠች። ከኋላ ፉጨት ተሰማ።

መምህር ጋርባ ድምፅ ሊያሰጡ ሲሉ ባልኪሳ እጇን አወጣች።

«መምህር፣ አንድ ነገር ልጨምር?»

«ቀጥዪ ልጄ።»

«ምሳሌ አለ። ወንድሜ ነው፤ ሱሌይ ይባላል። በሬዲዮ በመናገሩ አስረውታል።» ወደ ሀዋ ዞረች። «ማንም ካልተቆጣቸው ማን ያስፈታዋል? ድልድዩ እንደተዘጋ ከቀረ ደግሞ እናቴ ብቻዋን ናት። የቱ ጋ እንደምቆም እኔም አላውቅም።»

መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ።

ሀዋ ከወገኖቿ መካከል ተነስታ ክፍሉን አቋርጣ ባልኪሳ የተቀመጠችበት አግዳሚ ጋ ሄደች።

«ምን ሆነሻል? ቦታሽ እኮ እዚያ ነው» አለች ባልኪሳ በሹክሹክታ።

«ጠጋ በይልኝ» አለቻት ሀዋ።