ቢጫው ውሸታም

«ጢጥ ጢጥ ጢጢጢጢጥ!»

ቢጫው የብረት መፈተሻ እንደገና ጮኸ። የሚያናድድ ነገር ነው፤ ከሥሩ የተጋደመው ጣውላ ምስማር የሚባል ያልነካው፣ ገና ከመጋዝ የወጣ ባሕር ዛፍ ነው። ለሙከራ የመረጠችውም ጊፍቲ ራሷ ናት።

«ይኸው! ውሸታም ነው አላልኩም?» ሚልኪያስ እጁን አጨበጨበ። መናኸሪያው አጠገብ ሞባይል የሚጠግንና ዕቃ የሚሸጥ ወጣት ነው፤ የጊፍቲ የልብ ጓደኛ የሳምሪ ታላቅ ወንድምም ነው። ጥቁሩን መፈተሻ ያመጣው እሱ ነው። «የኔን አያችሁት? ሳንቲም ሲያይ ይጮኻል፣ ምንም ከሌለ ጸጥ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም!»

የጊፍቲ አባት ኦቦ ዓብዲሳ ቢጫውን መፈተሻ ሠርግ ላይ ሳይጠራ እንደመጣ ሰካራም በጎሪጥ አዩት። ጊፍቲ ደግሞ ጆሮዋ ድረስ ቀላች። ሐሳቡ ከመጀመሪያው የእሷ ነበርና ሐፍረቱም የእሷ ነው።

ኦቦ ዓብዲሳ አምቦ ውስጥ አሮጌ እንጨት አድሰው በመሥራት የሚታወቁ አናጢ ነበሩ። ከፈረሰ ቤት የወጣ ዝግባና ጥድ ሲያገኙ እንደ ልጅ ይደሰቱ ነበር። ባለፈው ክረምት ግን አንዱ ወራጅ ውስጥ ተሰብሮ የቀረ ምስማር የመላጊያ ማሽኑን ምላጭ ሰባበረው። ስባሪው በኦቦ ዓብዲሳ ጆሮ ሥር አልፎ ግድግዳው ላይ ተሰካ። እስካሁን እዚያው አለ፤ እንዲነቀል አልፈቀዱም። ከዚያ ቀን ወዲህ አሮጌ እንጨት ወደ ማሽኑ ላያቀርቡ ማሉ፤ የባሕር ዛፍ አግዳሚ ወንበር ብቻ እየሠሩ ፊታቸውም አብሮ ጠቆረ። ጊፍቲ ይህን ማየት አልቻለችም።

ከዚያ ጎረቤታቸው አዴ ወርቂቱ መጡ። አሮጌ ቤታቸው ሲፈርስ የመሐል ምሰሶውን በጋሪ አስጭነው አምጥተው፣ «ለአዲሱ ቤቴ በር ሥራልኝ። በማላውቀው በር መግባት አልፈልግም» አሉ። ኦቦ ዓብዲሳ አንገታቸውን ደፍተው አይሆንም አሉ። ምሰሶው ግን እጓሮ ተጋድሞ ቀረ።

የዚያን ሰሞን ጊፍቲ እህቷን ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ልትሸኝ ዩኒቨርሲቲው በር ድረስ ሄዳ ነበር። ጥበቃዋ እህቷን በመፈተሻ ስትዳብሳት ሹሩባዋ ውስጥ የተደበቀች አንዲት የፀጉር ሽቦ አስጮኸችው። ጊፍቲ እዚያው ቆማ ሳቀች። ፀጉር ውስጥ ያለውን ካገኘ እንጨት ውስጥ ያለውን ለምን አያገኝም? አባቷን ለምና ለምና አሳመነች። ሰፈሩ «ኦቦ ዓብዲሳ ወርቅ ሊያስቆፍሩ ነው» እያለ ሲስቅ ከረመ።

«አንድ ዕድል» አሏት አባቷ። «ሞክረሽ አሳዪኝ። ካላመንኩት ምሰሶው ለማገዶ ይፈለጣል፣ ወሬውም በዚሁ ያበቃል።»

እናም ዛሬ ሁለት መፈተሻዎች ለሙከራ መጡ፤ ጥቁሩ ከሚልኪያስ፣ ቢጫው ጊንጪ ካለ ነጋዴ በሚኒባስ ሾፌር እጅ። ከእጀታቸው ቀለም በቀር መንታ ናቸው፤ ርዝመታቸውም፣ ቁልፋቸውም፣ ዋጋቸውም አንድ ነው። ጊፍቲ አድልዎ እንዳይኖር ለሁለቱም ከአንድ ማሸጊያ የወጣ አዲስ ባትሪ አስገባች። አድልዎው ግን ቀድሞ ገብቶ ነበር። ሳምሪ ጠዋት ጆሮዋ ሥር፣ «በእናትሽ የሚልኪን ምረጪ። ጊፍቲ ያንተን ትወስዳለች ብዬዋለሁ፣ ሼም እንዳታስይዢኝ» ብላታለች።

«በቃ፣ ጥቁሩ ይሁን» አሉ ኦቦ ዓብዲሳ በመጨረሻ፣ ሚልኪያስን ይዘው ወደ በሩ እያመሩ።

እውነቱን ለመናገር ጊፍቲ እፎይ አለች። ጥቁሩ አሸነፈ፣ ሳምሪ አላኮረፈች፣ ምሰሶውም ሊላግ ነው። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

እስካሁን ጥግ ቆማ ታይ የነበረችው ሳምሪ ጣውላውን ከሥራ ጠረጴዛው ላይ አንስታ አቀፈችው። ጊፍቲ ቢጫውን ገና አላጠፋችውም ነበርና እንደ ፈተና ጥበቃዋ ኮስተር ብላ በጣውላው ላይ አሳለፈችው። «እጅ ወደ ላይ! ሞባይል ደብቀሻል?»

ሳምሪ በሳቅ ፈረሰች። ጊፍቲ ግን ሳቋን አቋረጠች። መፈተሻው ዝም ብሏል።

«መልሰሽ አስቀምጪው እስቲ።»

ጠረጴዛው ላይ ሲያርፍ ጮኸ። ሲነሳ ዝም አለ። ሲያርፍ ጮኸ። ጊፍቲ ተንበርክካ ከጠረጴዛው ሥር ገባችና የተጋገረውን ሰጋቱራ በመዳፏ ጠረገችው። ዝገት የበላው ወፍራም ብረት ብቅ አለ። ጠረጴዛው ተሰንጥቆ በነበረ ጊዜ አባቷ ከሥር ያጠናከሩበት ብረት ነው። አቧራ ሲለብስ እሳቸውም ረስተውታል።

ቢጫው አልዋሸም። ጣውላውንና የጠረጴዛውን ገበታ አሳልፎ ያንን ብረት ነው ያየው። ጥቁሩ ደግሞ ጨዋ ሆኖ አይደለም ዝም ያለው፤ እዚያ ድረስ ማየት ስላልቻለ ነው።

ሳምሪ ሞኝ አይደለችም፤ በፊዚክስ ከክፍሉ አንደኛ ናት። ፊቷ ተለዋወጠ። «ጊፍቲ» አለች በሹክሹክታ፣ «ዝም በይ። ማንም አላየም።»

ጊፍቲ ቀና ስትል ዓይኗ ግድግዳው ላይ አረፈ። የምላጩ ስባሪ ልክ በአባቷ ጆሮ ቁመት ላይ ተሰክቷል። ሳምሪን ትወዳታለች፤ ከሁለተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ ነው የተቀመጡት።

«አባ!» ብላ ጮኸች። «ሳትሄድ! ና ይህን እይ!»

ብረቱን አሳየቻቸው። ጣውላውን እያነሳች እየጣለች ቢጫውን አስጮኸችው፣ ዝም አሰኘችው። ሚልኪያስ ትከሻውን ሰበቀ። «እና ምን ይጠበስ? የተደበቀ ብረት ስላገኘ ሁሌ እውነት ይናገራል ማለት ነው?»

«እሱስ እውነት ነው» አሉ ኦቦ ዓብዲሳ አገጫቸውን እያሻሹ። «ምሰሶው ይፍረድ።»

ምሰሶውን እጓሮ፣ ከብረት ሁሉ አርቀው በሁለት የግንድ ጉቶ ላይ አጋደሙት። አዴ ወርቂቱም ከአጥራቸው ማዶ አይተው መጡ። «ልጄ ምስማሩን ሁሉ በጉጠት ነቅሎታል፣ አትድከሙ» አሉ። መጀመሪያ ሚልኪያስ ጥቁሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ አሳለፈው። ድምፅ የለም። «ንጹሕ ነው!»

ጊፍቲ ቢጫውን አነሳች። ከጫፍ ጀምራ አሳለፈችው። ዝም… ዝም… ዝም… ከመሐል ትንሽ አለፍ ብሎ፣ «ጢጢጢጥ!» ምሰሶውን አገላብጣ ደገመችው። እዚያው ቦታ ጮኸ። ቦታው ላይ ቀዳዳም ሆነ የምስማር ራስ የለም፤ ጭስ ያጠቆረው ልስልስ እንጨት ብቻ ነው።

«ጀመረው ደግሞ!» አለ ሚልኪያስ። ኦቦ ዓብዲሳ ጥግ ላይ ወደተደገፈው መጥረቢያ አዩ። ጊፍቲ እንባዋ ሊመጣ ደረሰ። ከተሳሳተች ምሰሶው ለማገዶ ነው፤ አባቷም ዳግመኛ አሮጌ እንጨት አይነኩም።

አዴ ወርቂቱ ተጠግተው መዳፋቸውን በጠቆረው ቦታ ላይ አሳረፉ። «ቆዩ እስቲ…» አሉ። «እዚህ ጋ እኮ ፋኖስ እንሰቅል ነበር። የምስማሩ ራስ ሲሰበር ሟቹ ባሌ፣ ልጆቹን እንዳይቧጭር ብሎ ስባሪውን መትቶ ወደ ውስጥ አሰመጠው። አፉንም በሰም ደፈነው። ወይ ጉድ፣ እኔ ራሴ ረስቼው!»

ኦቦ ዓብዲሳ ሳይናገሩ መሮና መዶሻ አመጡ። ፍቅፋቂው መፈናጠር ጀመረ። ምንም የለም። ጠለቅ አሉ። አሁንም ምንም። አንዴ ደግመው ሲመቱ መሮው «ቅጭ!» አለ።

በጉጠት ሲስቡት እንደ ጣት የወፈረ፣ የጠቆረ ምስማር ተመዝዞ ወጣ። አዴ ወርቂቱ እልልታውን አቀለጡት። ኦቦ ዓብዲሳ ምስማሩን ወደ ፀሐይ ከፍ አድርገው ሳቁ፤ ከክረምቱ ወዲህ እንዲህ ሲስቁ ጊፍቲ አላየችም። «ኢንተላ ኮ! የኔ ልጅ! ጋሪዳ፣ ጎበዝ!» ብለው አቀፏት። እሷም ከደስታዋ ብዛት መሬት የረገጠች አልመሰላትም።

ሚልኪያስ ጥቁሩን ምስማሩ ላይ ደቅኖ አስጮኸው። «ኧረ ይሠራል!»

«ካየነው በኋላማ እኔም እጮኻለሁ» አሉ አዴ ወርቂቱ። ሁሉም ሳቀ፤ መጨረሻ ላይ ሚልኪያስም ራሱን እያከከ ሳቀ። ሳምሪ ብቻ አልሳቀችም።

ምሰሶውን ወደ ውስጥ አስገብተው ማሽኑ ፊት ሲያቀርቡት ጊፍቲ በሩ ላይ የቆመችው ጓደኛዋ ዘንድ ሄደች።

«ተናደድሽብኝ?»

«ትንሽ» አለች ሳምሪ መሬት እያየች። «ከሁሉ ያናደደኝ ግን ዝም በይ ማለቴ ነው። ስባሪውን ግድግዳው ላይ እያየሁት እኮ ነው ያልኩሽ።» ጊፍቲ እጇን ይዛ ወደ ውስጥ ሳበቻት።

በዚያ ቤት የማሽኑን አረንጓዴ ቁልፍ ከኦቦ ዓብዲሳ በቀር ማንም ነክቶት አያውቅም። ዛሬ ግን ምሰሶውን በሁለት እጃቸው ይዘው ከቁልፉ ራቅ ብለው ቆሙ። «ያገኘሽው አንቺ ነሽ። አስነሺው» አሏት።

ጊፍቲ ጣቷን ወደ ቁልፉ ሰደደችና መለሰችው። ቢጫውን መፈተሻ አንስታ ለሳምሪ ሰጠቻት።

«አንቺ አንዴ ድገሚው። በአራቱም ጎን።»

ኦቦ ዓብዲሳ ምሰሶውን ከማሽኑ ብረት አርቀው አጋደሙላት። ሳምሪ ቀስ ብላ በሙሉ ዳሰሰችው። መፈተሻው አልጮኸም። ቀና ብላ ጊፍቲን አየቻትና ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

ምሰሶው ማሽኑ ፊት ሲመለስ፣ ያኔ ጊፍቲ ቁልፉን ተጫነችው።