በረንዳው ላይ የተደረደሩት ወንበሮች

ይሄን የምጽፍላችሁ ላስፈራራችሁ ብዬ አይደለም። የምፈራውስ እኔው ነኝ፣ እስከ ዛሬ።

ወላሂ የሆነ ነገር ነው። አንድ ቃል አልጨመርኩበትም። የማያምን ካለ መብቱ ነው፤ እኔም ባይደርስብኝ ኖሮ "ሂድ ወዲያ!" ነበር የምለው።

ጊዜው ጥቅምት 1990፣ በፈረንጅ ኦክቶበር 1997 ነው። ሰዓቱ ሁልጊዜ አንድ ነበር... ንጋት ላይ፣ አስራ አንድ ሰዓት ከሩብ።

ቦታው ካሪቢያን ባህር ላይ ያለች አንዲት ደሴት፣ አንዲት ትንሽ ከተማ። ስሟን አልጠራም። ሰዎቿ ምንም አልበደሉኝም።

ባለቤቴ ኑርያ "ጻፈው" ስላለችኝ ነው የምጽፈው። ሃያ ምናምን ዓመት ዝም ብያለሁ።

ረሻድ እባላለሁ። ያኔ እዚህ ፈረንጅ አገር፣ ብሉሚንግተን፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ያለ ሆቴል ውስጥ እንግዳ የሚያመላልስ መኪና፣ የሹትል ሹፌር ነበርኩ። የምንኖረው ኒው ሆፕ፣ ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ ውስጥ ነው። ኑርያ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ አስወርዷታል። ይሄኛው ግን ጸናልን። ወንድ ነው ተባልን።

እናቷ እማማ ከሚሪያ ደሴ ነበሩ። ሊያርሷት ሊመጡ ነበር።

"ያንቺን አንቀልባ አልጣልኩትም፤ ይዤው እመጣለሁ" ይሏታል በስልክ።

"እማ፣ እዚህ አገር እኮ ስትሮለር አለ!"

"እሱን አንቺ ግፊው። እኔ ልጄን አዝላለሁ።"

ኑርያ ስልኩን ዘግታ እንባዋ እስኪመጣ ትስቃለች። ያ ሳቋ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ።

ለቪዛው እማማን ይዞ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ የተነሳው የኔው ታናሽ ወንድም ዙሀይር ነው። አደራ ያልኩት እኔ ነኝ።

አውቶቡሱ መንገድ ላይ ተገለበጠ።

ይሄን የነገሩኝ ጋሽ ቀጀላ ናቸው። ጋሽ ቀጀላ ብሩክሊን ፓርክ የሚኖሩ፣ እስላም ክርስቲያን ሳይሉ ለሁላችንም እንደ አባት የሆኑ ሰው ናቸው። ሥራ ቦታዬ ድረስ መጥተው ሹትሉ ውስጥ ከጎኔ ተቀመጡ።

"ሞተሩን አጥፋው ልጄ።"

አጠፋሁት።

"ጠንከር በል... እማማ ከሚሪያ አርፈዋል።"

"ዙሀይርስ?"

"እግሩን ነው። ሆስፒታል ተኝቷል። እሱ ይድናል።" ይሄን ሲሉኝ በመስኮቱ ወደ ውጭ ነበር የሚያዩት። "ለኑርያ እስክትወልድ ድረስ ትንፍሽ እንዳትል። አደጋ መድረሱንም ቢሆን። ድንጋጤ ይሄንንም ልጅ ያሳጣችኋል። ስትወልድ እኛው ሰብሰብ ብለን እንነግራታለን።"

የኛን ነገር ታውቁታላችሁ። መርዶ በስልክ አይነገርም። ጎህ ሲቀድ ዘመድ ወዳጅ በርህ ላይ ይሰበሰባል። ያንሾካሹካል። ጉሮሮውን ይጠርጋል። ማን ይንገረው ይባባላል። አንተ አልጋህ ላይ ሆነህ ያንን ድምፅ ከሰማህ፣ ማንም ሳይነግርህ ይገባሃል።

ኑርያ በየእሁዱ በስልክ ካርድ እናቷ ጋ ትደውል ነበር። ያን እሁድ ምን ብዬ ላስቀራት ብዬ ስጨነቅ እሷው "ዛሬ ይለፈኝ፣ ደክሞኛል" አለች።

የሚቀጥለውም እሁድ "ይለፈኝ" አለች።

አልሐምዱሊላህ አልኩ። እንዴት አንዴ እንኳ አልጠረጠርኩም? ጅል!

ግን እስከ መቼ? ከጓደኞቿ አንዷ ቢያመልጣትስ? ሱቅ ውስጥ አንዱ "አላህ ያጽናሽ" ቢላትስ? እንቅልፍ አጣሁ። ማኔጀሬ አንዲት ዘመዱ ደሴቲቱ ላይ ትንሽ ፔንሲዮን እንዳላት ነገረኝ። የአውሎ ነፋስ ወቅት ስለሆነ ኦክቶበር ላይ ዝር የሚል የለም፣ ክፍሉ ባዶ ነው አለኝ።

ሐበሻ የሌለበት... ስልክ የሌለበት... አንድ ሳምንትም ቢሆን እፎይ እላለሁ አልኩ።

ኑርያ አውሮፕላን ትፈራለች። "እንቢ" ትላለች ብዬ ስጠብቅ "እንሂድ" አለች፣ ወዲያው። "አንተም ትንሽ ትረፍ።"

ፊቴን ለረጅም ጊዜ አየችው።

ሰኞ ገባን።

እንደዚያ ጭር ያለ ከተማ አይቼ አላውቅም። የሱቆቹ መስኮት በጣውላ ተቸንክሯል። ጀልባዎቹን ከባህር አውጥተው ደፍተዋቸዋል። የተከፈተው አንድ ሱቅ ብቻ ነው። ባለቤቱ ሬዲዮውን ከፍቶ ደጃፉ ላይ ያንቀላፋል።

የፔንሲዮኑ ባለቤት ሚስ አይዳ ትባላለች። ስልሳ ዓመት ያለፋት፣ ደግ ሴት። "ከናንተ በቀር ማንም የለም" አለችን። ክፍላችን በረንዳ አለው፣ ከበረንዳው ቀጥሎ አሸዋና ባህር ነው። በረንዳው ጥግ ስምንት ነጭ የፕላስቲክ ወንበሮች ተደራርበዋል። ንፋስ እንዳይወስዳቸው በሰንሰለት ታስረው ተቆልፈዋል።

ማክሰኞ ንጋት ለፈጅር ሰላት ተነስቼ ውዱእ ሳደርግ ሰማሁት።

ከበሩ ውጭ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

ውሃውን ዘጋሁት።

"ነቅተዋል?" አለ አንድ ድምፅ... በአማርኛ።

"ገና ናቸው... ትንሽ ይተኙ።"

ሰዓቴን አየሁ። አስራ አንድ ከሩብ። በሩን ከፈትኩት።

ማንም የለም። ባህሩ ብቻ።

ኑርያ ጀርባዋን ሰጥታ ተኝታለች። ሰላቴን ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ። የጭንቀቴ ነው፣ ውሸቴ ነው ጆሮዬ ላይ የሚጮኸው አልኩ ለራሴ።

ረቡዕ ንጋት ወንበር ሲጎተት ሰማሁ። ቀስ ብሎ፣ ሰው እንዳይቀሰቅስ ተጠንቅቆ የሚጎትት ሰው ድምፅ ነው።

አንድ... ከዚያ ሌላ... ከዚያ ሌላ...

ስከፍት ስምንቱም ወንበሮች በረድፍ ተደርድረዋል። ፊታቸው ወደ ባህሩ አይደለም።

ወደ በራችን ነው።

ሰንሰለቱ ጥግ ላይ ወድቋል። ቁልፉ አልተከፈተም፣ አልተሰበረም። እንደተቆለፈ ነው።

ኑርያ ሳትነሳ ብዬ እየሮጥኩ ደራረብኳቸው። ሰው ቢያየኝ እብድ ነበር የሚለኝ።

ያን ቀን በአሸዋው ላይ ስንሄድ ኑርያ እጇን ከሆዷ ላይ አላነሳችም።

"ልጃችን እንዴት ነው?" አልኳት።

"ተኝቷል" አለች።

ሐሙስ ጠዋት ሚስ አይዳ ቁርስ ስታቀርብ ጠጋ ብላ ጠየቀችኝ። "እንግዶቻችሁ ሻይ ይጠጡ ይሆን?"

"የምን እንግዶች?"

"በየንጋቱ በረንዳችሁ ላይ የሚቀመጡት። ነጭ የለበሱት። ከወጥ ቤቴ መስኮት አያቸዋለሁ። ሰላም ብላቸው አይመልሱም።"

ሲኒዬን አስቀመጥኩ።

"አንድ ወጣት ልጅ አለ፣ እሱ አይቀመጥም፣ ቆሞ ነው። አንዲት አሮጊት ደግሞ ጀርባቸው ላይ የቆዳ ነገር አስረዋል፣ ሕፃን ማዘያ ይመስላል።" ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ውስጡ ግን ምንም የለም። ባዶውን ነው የሚያዝሉት።"

ኑርያ ከጠረጴዛው ማዶ ዳቦዋን ስታገላብጥ ነበር። ቀና አላለችም። የሰማች አልመሰለኝም።

ዓርብ ንጋት። በማግስቱ ልንመለስ ነበር።

ሳልተኛ ነው ያነጋሁት። አስራ አንድ ከሩብ ሲል በሩ ተንኳኳ።

ቀስ ብሎ። ሦስት ጊዜ።

"እንግዲህ ይነገር..." አለ ድምፁ ከውጭ። "ሌላ ቀን የለም።"

ኑርያ አልጋው ላይ ቁጭ አለች። ያኔ ነው እሷም ስትሰማው እንደከረመች የገባኝ። በየንጋቱ እንደተኛች ታስመስል ነበር።

"ኑርዬ፣ አትፍሪ፣ ንፋስ ነው..."

"ረሻድ።" እጄን ያዘችኝ። እጇ በረዶ ነው። "አትዋሸኝ... አንተ አታውቅም... የመጡት ላንተ ነው።"

"ለኔ?"

"ይቅር በለኝ። ቱባ አደራ ብላኝ ነው። ከጉዞ ስትመለሱ ሽማግሌዎቹ መጥተው ይነግሩታል፣ እስከዚያ አንቺ ያዢው ብላኝ ነው።" "ዙሀይር... አውቶቡስ ተገልብጦ... ዙሀይር የለም፣ ረሻዴ።"

ቱባ የልብ ጓደኛዋ ናት፣ የጋሽ ቀጀላ ጎረቤት።

"እግሩ ነው" አልኩ። "እግሩን ነው የተሰበረው... እንደዚያ ነው ያሉኝ..."

"ማነው ያለህ?"

አፌን ያዝኩት። ግን አምልጦኛል።

"አደጋውን ታውቃለህ?" አለችኝ። ዓይኗ እየሰፋ ሄደ። "ታውቃለህ እንዴ? እማ እኮ ትንሽ ጭረት ብቻ ነው አሉኝ... አልጋ ላይ ናት፣ ደህና ናት አሉኝ... እሁድ ያልደወልኩት አንተ ስልኩን ተቀብለህ ዙሀይርን አገናኙኝ እንዳትል ነው... ረሻድ? እማ ደህና ናት አይደል?"

መልስ አልሰጠኋትም።

"ረሻድ!"

እንደዚያ ነው የተረዳችው። ከኔ ዝምታ።

አያችሁ ያደረጉንን? ክፋት አልነበረም፤ አላህ ያውቃል፣ በፍቅር ነው። አንዱን መርዶ ለሁለት ከፍለው ግማሹን ለኔ፣ ግማሹን ለሷ ሰጡን። እኔ የእናቷን ሞት ስደብቃት፣ እሷ የወንድሜን ሞት ስትደብቀኝ፣ አንድ አልጋ ላይ እየተኛን ሳምንታት አለፉን። እሷ ለብቻዋ ስለ ወንድሜ አልቅሳለች። እኔ ሹትሉ ውስጥ ስለ እናቷ አልቅሻለሁ። አንድ ቀን እንኳ አብረን አላለቀስንም።

ያን ንጋት አለቀስን። መሬት ላይ ቁጭ ብለን፣ ተቃቅፈን፣ ድምፃችን እስኪዘጋ። "ወንድሜን! ወንድሜን!" እላለሁ። እሷ "እማዬ!" ትላለች። እኔ ነኝ ይዘሃቸው ሂድ ያልኩት። እኔ ነኝ። ልቤ ያኔ እንደተሰበረ ቀርቷል፣ አልተጠገነም።

ፀሐይ ወጣች። ውጭ ያለው ሹክሹክታ ጠፋ። ኑርያን ግንባሯን ሳምኳትና "ከዛሬ ወዲያ ምንም አንደባበቅም" አልኳት።

ቀና ብላ አላየችኝም።

"እሺ በይኝ።"

"ረሻድ..." አለች። ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። "አንድ ነገር አለ። እንዳላስደነግጥህ ብዬ ነው..."

"ምን?"

"ከረቡዕ ጀምሮ አልተንቀሳቀሰም።"

ያኔ በሩ እንደገና ተንኳኳ።

ተያየን። መርዷችን ተነግሮ አልቋል። ሁለታችንም ሰምተናል። ታዲያ ማንን ሊያረዱ ነው?

ተነስቼ ከፈትኩት።

ወንበሮቹ ተደራርበው ጥጋቸው ላይ በሰንሰለታቸው ታስረዋል። ንክች ያላቸው የለም። አሸዋው ላይ ግን የሰው ዱካ አለ፣ የባዶ እግር ዱካ፣ ከበራችን ተነስቶ በባህሩ ዳር የሚሄድ።

በዓይኔ ተከተልኩት።

ራቅ ብሎ ነጭ የለበሱ ሰዎች ጀርባቸውን ሰጥተውን ይሄዳሉ። አንድ ቀጭን ወጣት ከፊት ነው። አረማመዱን አውቀዋለሁ። ከኋላው አንዲት አሮጊት ጎንበስ ብለው ያዘግማሉ።

ጀርባቸው ላይ አንቀልባ አለ።

ባዶ አልነበረም።

በአንቀልባው ጎን አንዲት ትንሽ እግር ወጥታ፣ እሳቸው በተራመዱ ቁጥር ትወዛወዛለች...

ዞሬ ኑርያን እንዳታይ ልከልላት አልኩ። በሩን ልዘጋ አልኩ። "ማንም የለም" ልላት አፌን ከፈትኩ።

ከኋላዬ ቆማ ነበር። በትከሻዬ ላይ ወደ ባህሩ ዳር ታያለች። አልጮኸችም። አላለቀሰችም። ሕፃን እንዳይነቃ እንደሚባለው፣ ቀስ ብላ ነው የተናገረችው።

"እማ... ጭንቅላቱን ደግፊለት።"