ጎዶሎዋ ስንኝ

ሚካል ከሚኖሩበት ከሶለንቱና ተነሥታ ዩኒቨርሲቲዋ እስካለበት ፍሌሚንግስቤሪ እስክትደርስ በከተማ ባቡሩ፣ በፔንደልቶጉ መስኮት አንድም ነገር አላየችም። ደሟ ፈልቶ ነበር።

ጠዋት ቁርስ ላይ አባቷ አቶ አድነው ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ «ትናንት አንቺ ሥራ ላይ ሳለሽ ከኤርሚ ዘንድ ሽማግሌ መጥቶ ነበር» አሏት።

«እርስዎስ ምን አሏቸው?»

«ልጄን ልጠይቃት አልኳቸው። እነሱ ግን፣ እሷማ ተስማምታለች ነው ያሉኝ።»

መቼ ነው የተስማማችው? ባለፈው ሳምንት ኤርሚ «ታገቢኛለሽ?» ሲላት ዝም ማለቷ እውነት ነው። ዝም ያለችው ልታስብበት ነበር። እሱ ሆዬ ዝምታዋን እሺታ አድርጎ ሽማግሌ ሰደደ።

የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አገኘችው። አምና የተዋወቁትም እዚሁ ነበር፤ በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የተጻፈ አንድ ረጅም የትረካ ግጥም ሁለቱም ሊዋሱ መጥተው፣ መጽሐፉ አንድ ብቻ ሆነና አብረው አነበቡት። አሁን ወደ አማርኛ እየመለሱት ነው።

ኤርሚ ፊቷን እንኳ በቅጡ ሳያይ ወረቀቱን ገፋላት። «የመጨረሻዋን አርኬ ጨረስኳት። እስኪ እያት።»

በግጥሙ ዓሣ አጥማጁ ልጅቷን «ትጠብቂኛለሽ?» ይላታል። እያንዳንዱ አርኬ አራት ስንኝ ነው፤ ሁለተኛውና አራተኛው ቤት እየመቱ፣ ምቱም እንደ ጀልባ መቅዘፊያ ሳይዛነፍ እዚህ ድረስ ይመጣል። የእሷ መልስ ላይ ግን አራተኛዋ ስንኝ መሃል ላይ ትቆረጣለች፣ ቤትም አትመታም። ኤርሚ ሞልቷታል። ልጅቷን «እሺ» አሰኝቶ ቤቱን ጥርት አድርጎ መትቶታል።

«ማን ሙላ አለህ?» አለችው።

«ቤት ካልመታ እኮ ጆሮ ይቆረቁራል፣ ሚኪዬ። ሰው ገጣሚው ረሳው ይላል።»

«ያን ሁሉ አርኬ ምቱን ጠብቆ የመጣ ሰው እዚህ የሚረሳ ይመስልሃል? ልጅቷ ገና አልመለሰችም። ለዚህ ነው ባዶ የተወላት። አንተ ግን የሴት ዝምታ ካገኘህ የራስህን ቃል ካልከተትክበት አያስችልህም። አባቴ ቤትም ያደረግከው ይህንኑ ነው።»

የኤርሚ ፊት ተለዋወጠ። «አፍረሽ መስሎኝ ነው። እናቴም፣ ሴት ልጅ ዝም ካለች እሺ ብላለች አለችኝ።»

«ታዲያ እናትህን የጠየቅካት እኔን ስለምታውቀኝ ነው?»

ኤርሚ ላጲስ አንሥቶ የሞላትን ግማሽ ስንኝ ፋቀ። ከዚያ ሽማግሌዎቹን ይዘው ለሄዱት ለጋሽ ቸሩ ደወለ።

«ጋሼ፣ ለአቶ አድነው ይንገሩልኝ። ተስማምታለች ያልኩት ከራሴ ነው። አልመለሰችልኝም። አዎ፣ አዋርጄዎታለሁ።» የሽማግሌው ቁጣ ከስልኩ አልፎ ለሚካል ተሰማት።

«እንደገና ጠይቀኝ» አለችው።

ጠየቃት። ሆን ብላ ዝም አለች፤ ዝምታውንም አስረዘመችው። ኤርሚ ከንፈሩን ነክሶ፣ ዓይን ዓይኗን እያየ ጠበቀ። አንዲት ቃል አልጨመረም። ምን ያህል እንደምትወደው ያወቀችው ያኔ ነው፤ ይህ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት።

«አገባሃለሁ» አለችው በቁጣ። «ለአባቴ ግን የምነግረው እኔ ነኝ።»