«አልሰጥም» የማይባልበት አገር

በጠልሳ መንግሥት፣ በክረምቱ እኩሌታ፣ ሰባት ቀን ሙሉ ጤዛ እንኳ ሳይወርድ ነጋ። ሲነፋ ዝናብ የሚጠራው መለከት ከመቅደሱ ጠፍቶ ነበር። የሰረቀው ሰው ግን የለም፤ ጠባቂው ዘርዓም በገዛ እጁ ሰጥቶታል።

በጠልሳ የለመነ ባዶ እጁን አይመለስም። እምቢታ ከአገሩ ከጠፋ ብዙ ዘመኑ ነው፤ ሕዝቡም በዚህ ይኮራል። ከዘርዓም የሚበልጥ ቸር ደግሞ አልተወለደም። ስለዚህ ሆዱ የማይሞላው የገደል አውሬ ጎርሙ ሽማግሌ መስሎ መጥቶ «ልጄ፣ መለከቱን ስጠኝ» ሲለው ሰጠው። አውሬው መልኩን የገለጠው ከተቀበለ በኋላ ነበር።

ንግሥት ሰምራት ዘርዓምንና ሚስቱን ነሃሊን አስጠሩ። «ልጆቼ፣ እህሉ በቁሙ እየደረቀ ነው። መለከቱ ካልተመለሰ የምቀብረው እንጂ የምገዛው ሕዝብ አይኖረኝም። ማሉልኝ» አሉ።

«ሳንይዘው ብንመለስ ምድር አትቀበለን» ብለው ማሉ።

ጉዞው ዘጠኝ ቀን ፈጀ። ዘርዓም በመጀመሪያው መንደር በቅሏቸውን ሰጠ፤ በሁለተኛው ስንቃቸውን፤ በአራተኛው ቀን ጫማውን።

«ሚስትህን የሚለምንህ ሰው እስካሁን አለመምጣቱ ይገርመኛል» አለች ነሃሊ፣ የተሰነጠቀ ተረከዙን በመቀነቷ እየጠቀለለች።

«አንቺንማ ማን ይችልሻል? ቢወስድሽም በማግስቱ ይመልስሻል።»

ሳቀች። ጋቢውን ግን ከትከሻው አንስታ ራሷ ደረበችው፤ እሱ ዘንድ ከዋለ አያድርም።

ከገደሉ ማዶ ያለው የጎርሙ ዋሻ ሲደርሱ አውሬው ተኝቷል። ዘርዓም በጥፍሮቹ መካከል እጁን ሰድዶ መለከቱን አወጣ። ሲመለሱ፣ የገደሉ የገመድ ድልድይ መሃል ላይ ሳሉ እግራቸው ሥር ያለው ሳንቃ ተንቀጠቀጠ። አውሬው ከኋላቸው ነበር። ጎርሙ ያልተሰጠውን መውሰድ አይችልም፤ መለመን ግን ይችላል። ከተሻገረ ደግሞ ጠልሳ ይገባል፤ በጠልሳ የሚከለክለው የለም።

«ልጄ ዘርዓም፣ መለከቱን ስጠኝ» አለ፣ በዚያው በሽማግሌ ድምፅ።

የዘርዓም እጅ መዘርጋት ጀመረ። ወደ ነሃሊ አዞረው።

«ያዢና ተሻገሪ። ይህን እጅ አውቀዋለሁ» አላት።

ተሻገረች።

«እንግዲያው ራስህን ስጠኝ» አለ ጎርሙ።

«እሱን ውሰድ።»

አውሬው ጨበጠው፤ ወደ ማዶም ተጣራ፦ «ልጄ ነሃሊ፣ መለከቱን ስጪኝ፤ ባልሽን እመልስልሻለሁ።»

ነሃሊ ዘርዓምን አየችው። ራሱን ግራና ቀኝ ወዘወዘ። ሲከለክል ያየችው ያን ዕለት ብቻ ነው።

«አልሰጥም» አለች። ቃሉ አፏን ሻከራት።

ዘርዓም በተረፈው እጁ ጩቤውን መዝዞ የድልድዩን ገመድ ቆረጠ።

መለከቱ ተነፋ፤ ዝናቡ መጣ፤ እህሉም ቀና አለ።

በሚቀጥለው ክረምት አንድ መንገደኛ ከነሃሊ ደጅ ቆመ። ልብሱ በስብሷል።

«እመቤቴ፣ የደረብሽውን ጋቢ ስጪኝ።»

«ግባና ተጠለል» አለችው። «እራት አቀርብልሃለሁ፤ አልጋ አነጥፍልሃለሁ፤ ሌላ የሚለበስም አለ። ይህን ግን አልሰጥም።»

መንገደኛው እንዲህ ያለ ቃል ሰምቶ አያውቅምና ጥቂት ቆሞ አያት። ከዚያ ገብቶ እራቱን በላ።